የበረዶ ሰንሰለቱ አልገጥም አለ፤ መነሻችን ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ነው!

ሐምራዊት (ማታ 2:50)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ሌሊት ወደ ተራራው ከተማ እንሄዳለን፤ የበረዶ መንሸራተቻ ያለበት ነው። ሆቴሉ የአራት ቀን ተከፍሎበታል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ላይ በረዶ ከጣለ ጎማው ላይ ሰንሰለት ያላሰረ መኪና አያልፍም አሉን። ሰንሰለቱን ልሞክረው ብዬ ወረድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም! አራት ጣት ያህል ይቀራል። እጄ ተላልጧል። ባለቤቴ «ተይው፣ እዚያው ስንደርስ ይገጥማል» ብሎኝ ተኝቷል። ምን ላድርግ?

መሪ ጨባጭ (2:54)
ጎማውን ትንሽ አስተንፍሺው። ይገባል።

ቀዝቃዛ ሻይ (2:57)
ባልሽ እውነቱን ነው፣ እዚያ ሲደርስ ብረት በብርድ ይሰፋል። 😂

ሐምራዊት (2:58)
እኔ እያለቀስኩ ነው፣ አንተ ትቀልዳለህ።

በዝግታ ንዱ (3:06)
እህቴ፣ ሰንሰለት የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ የክረምት ጎማ አለሽ ወይ የሚለውን ነው። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ መንገዱን መያዝ ይተዋል። የክረምት ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። እሱን ፈልጊ። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ሙሉ ይሁን፤ መንገድ ተዘግቶ ሰዓታት ልትቆሚ ትችያለሽ። ቆመሽ ሞተር የምታስነሺ ከሆነ ማርሚታው በበረዶ አለመደፈኑን ወርደሽ እዪ። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ወደ ውስጥ ከገባ ይገድላል። ሦስተኛ፣ የፀሐይ መነጽር ያዙ። አዲስ በረዶ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ዓይን ይረጨዋል። አራተኛ፣ ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ዕረፉ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አትንሸራተቱ። አምስተኛ

ሐምራዊት (3:09)
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ መነጽር አልጠየቅኩም። ሰንሰለቱ አልዘጋ አለኝ ነው የምለው!

በዝግታ ንዱ (3:10)
አምስተኛውን አልጨረስኩም።

ጋሽ ብሎን (3:12)
ልጄ፣ ተረጋጊ። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ጎማው ጎን ላይ ቁጥር አለ፣ አንብቢልኝ። የሰንሰለቱ ሳጥን ላይም የሚገጥምባቸው የጎማ ቁጥሮች ተዘርዝረዋል፣ እሱንም። ደግሞ የትኛው ጎማ ላይ ነው የምታስሪው?

ወረፋ ጠባቂ (3:15)
እኔ የማይገባኝ ለምን በመኪና እንደምትሄዱ ነው። ሰንሰለት አስሮ የማያውቅ ሰው፣ በሌሊት፣ በበረዶ ዳገት? አውቶቡስ ወይም ባቡር የለም? እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ አንዴ ከደረስሽ መኪናው ቆሞ ነው የሚከርመው። ማቆሚያ ፍለጋ ዕረፍትሽን ትጨርሺዋለሽ።

ሐምራዊት (3:21)
ሁለት ልጆች፣ አማቴ፣ አራት ሻንጣ። በአውቶቡስ አንተ ትሸከምልኛለህ?
ጋሽ ብሎን፣ ጎማው 215/60 አር 16 ይላል። ሳጥኑ ላይ ብዙ ቁጥር አለ፣ ትልቁ 195/65 አር 15 ነው። የተዋስኩት ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ «ለሁሉም ይሆናል» አለችኝ። የማስረው የኋላው ላይ ነው፤ ቦታው ስለሚመች።

መሪ ጨባጭ (3:22)
አስተንፍሺው ብያለሁ።

ጋሽ ብሎን (3:34)
አታስተንፍሺ! ጎማ ሲተነፍስ ከታች ይተኛል እንጂ ዙሪያው አያጥርም። ተንፍሶ ከነዳሽው ደግሞ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሻል። የመጨረሻው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። አሰላሁት። የሳጥኑ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 63 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ያንቺ ከ66 ይበልጣል። ዙሪያቸው ወደ 9 ሳንቲሜትር ይበላለጣል። አራት ጣትሽ ይኸውልሽ። ሰንሰለቱ አልተበላሸም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም፤ የሌላ መኪና ልብስ ነው። አትታገዪው።

ሌላው፣ ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ የሚያሽከረክረው ጎማ ላይ ነው። መኪናሽ በፊት ጎማው የሚጎተት ከሆነ የኋላውን ብታስሪ ፊቱ ባለበት እየተሽከረከረ ይቀራል። የመኪናውን መመሪያ ደብተር አውጪ፣ ከተሳፋሪው ፊት ያለው መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። የትኛው ጎማ ላይ እንደሚታሰር ይጽፋል። በዚህ ጎማ ሰንሰለት አይታሰርም የሚልም ሊኖር ይችላል፣ በደንብ አንብቢው።

ሐምራዊት (3:40)
መኪናው የኪራይ ነው። አልነገርኳችሁም ይሆን?

ቀዝቃዛ ሻይ (3:41)
ቀስ በቀስ ይወጣል። ጠዋት ላይ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የለኝም ትለናለች።

የተራራ ልጅ (3:47)
የኪራይ ከሆነማ አሁኑኑ ደውዪላቸው። ልኩ የሆነ ሰንሰለት ካላቸው ጠዋት ስጡኝ በያቸው። አንዳንድ ውል ሰንሰለት ማሰር ይከለክላል፣ ፓራፋንጎውን ከገጨሽው ከኪስሽ ነው። ካጣሽ በጨርቅ የተሠራ የጎማ ካልሲ አለ፣ ለማጥለቅ በጣም ይቀላል። ግን የምትሄጂበት መንገድ በሰንሰለት ፈንታ ይቀበለው እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁሉም ቦታ አይቀበሉትም።

ልኩን ካገኘሽ ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ እሰሪና ፍቺው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ያሰርኩት መንገድ ዳር፣ በጨለማ፣ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ነው። ስልኩ ወድቆ በረዶው ውስጥ ሰመጠ፣ መብራቱ ከታች ያበራል፣ እኔ በእጄ እቆፍራለሁ። የግንባር ባትሪና ውኃ የማያስገባ ጓንት ያዢ። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ሜዳ ላይ እሰሪ። ጥቂት ሜትር ነድተሽ ውረጂና እንደገና አጥብቂው፤ መጀመሪያ ሁልጊዜ ይላላል። ከዚያ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አትለፊ። አስፋልቱ ሲገለጥ ፍቺው።

በዝግታ ንዱ (3:52)
አምስተኛ፦ ልጆቹን ወፍራም ጃኬት እንደለበሱ ወንበር ላይ አታስሪያቸው። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ አየር ነው። ጃኬቱን አውልቀሽ እሰሪ፣ ከላይ ደርቢላቸው።

ሐምራዊት (3:55)
ጋሼ፣ ይቺኛዋን ወድጃታለሁ። እየደወልኩ ነው። ስልኩ ሙዚቃ ያሰማኛል።

ወረፋ ጠባቂ (4:10)
አውቶቡስ እኮ ሙዚቃ አያሰማም።

የተራራ ልጅ (በማግስቱ፣ ጠዋት 4:30)
ሐምራዊት፣ ምን ደረሰ? ወጣችሁ?

ጋሽ ብሎን (ከሰዓት 9:05)
ልጄ፣ በሰላም ደረሳችሁ?

አዲስ ገቢ (ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ 1:15)
ሰላም ለሁላችሁ። የኔ ደግሞ ገጥሟል፣ አልፈታ ብሎኝ ነው። ሌሊቱን በረዶ ሆኖ ከጎማው ጋር ተጣብቋል። ነገ መመለሻችን ነው። እባካችሁ አስቸኳይ ነው!

መሪ ጨባጭ (1:17)
ጎማውን አስተንፍሰው።