ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች በአንድ የዓመት ዕቅድ እንዴት ላስማማ?

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ዕቅድና ዘገባ አዘጋጃለሁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለጋሾቻችን ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይቆጥራሉ። የ2019ን ዕቅድ በኤክሴል አንድ ገጽ ላይ ላሰፍር ብነሳ ጳጉሜን ላይ ቆምኩ። የቀን ቀመሩ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ደግሞም በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የመስክ ሥራው ነው። ፋሲካ በ2018 ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2019 ሚያዝያ 24 ይውላል። ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ እንዳለ ብገለብጠው የአርሶ አደሮቹ ሥልጠና ሰሙነ ሕማማት ላይ ያርፋል፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ መነሻ የምታደርጉት የትኛውን አቆጣጠር ነው? ጳጉሜንንስ በየትኛው ሩብ ዓመት ታስገባላችሁ? የሠራችሁት ሠንጠረዥ ካለ አሠራሩን ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።