ክርክር፦ አዲስ ሙዚቃ ማን ይምረጥልን? አልጎሪዝሙ ወይስ ሰው?

አወያይ፦ ሙዚቃ በኢንተርኔት ወደሚደመጥባቸው የስትሪሚንግ መድረኮች በየቀኑ 100 ሺህ ገደማ አዲስ ትራክ ይጫናል። ይህን ሁሉ የሚችል ጆሮ ስለሌለ አንድ ማጥለያ ያስፈልጋል። ማጥለያው ማን ይሁን? አልጎሪዝሙ (ምን እንደሚቀርብልን የሚያሰላው የኮምፒውተር ቀመር) ወይስ ሰው? ዓመታት ስትጠቅሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን። «የድሮ ዘፈን ይሻላል» የሚል ካለ ደግሞ ለዚያ ሌላ ቀን እንከፍታለን።

ቆጣሪው፦ እኔ ከአልጎሪዝሙ ጋር ነኝ። ስፖቲፋይ የተባለው የስትሪሚንግ መድረክ በ2015 የጀመረውን «ዲስከቨር ዊክሊ» ውሰዱ፤ በየሰኞው 30 ትራክ ያመጣል። ሥራው ምትሃት የለበትም። ሰዎች በእጃቸው የሠሯቸውን ፕሌይሊስቶች (የዘፈን ዝርዝሮች) ያያል፤ ሁለት ዘፈኖች ደጋግመው አንድ ላይ ከተገኙ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ይይዛቸዋል። አንዱን ወደህ ሌላውን ካልሰማህ ያልሰማኸውን ያቀርብልሃል። እንግዲህ «ማሽን መረጠልኝ» የምትሉት ሰው የመረጠውን ነው። ማሽኑ የደመረ እንጂ የመረጠ አይደለም።

ባለሸክላ፦ ልጄ፣ ጣጣው ያለው እድምሩ ላይ ነው። ማንም ፕሌይሊስት ውስጥ ያላስገባው ዘፈን ዘመድ የለውም፤ ዘመድ ስለሌለው አይቀርብም፤ ስላልቀረበም ማንም አያስገባውም። በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡትን ሙከራ አንብቡ። ከ14 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖች አቀረቡ። አንዳንዶቹ ሌላው ሰው ምን እንዳወረደ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት በስምንት ተከፍለው እያንዳንዱ ክፍል የራሱን የማውረድ ቁጥር እያየ መረጠ። ቁጥሩ በታየበት ሁሉ ታዋቂው ይበልጥ ገነነ። የገነነው ዘፈን ግን ከክፍል ክፍል ይለያያል! በጣም ጥሩው እምብዛም አልወደቀም፣ በጣም መጥፎውም እምብዛም አልተነሣም፤ መሐል ያለው ግን ዕጣ ሆነ። አልጎሪዝምህ የሚደምረው ይህን ዕጣ ነው።

ቆጣሪው፦ ጋሼ፣ ያ ሙከራ የእርስዎንም ወገን ይመታል። ቁጥሩን አይቶ የተነዳው ሰው ነው፤ አልጎሪዝም በቦታው አልነበረም። ዘመድ ለሌለው ዘፈንም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ አለ። ስፖቲፋይ ኢኮ ኔስት የሚባለውን ኩባንያ በ2014 የገዛው ድምፁን ራሱን ለመተንተን ጭምር ነው፤ ፍጥነቱን፣ የተዘፈነበትን የድምፅ ከፍታ (ቁልፍ)፣ የድምፁን ቀለም። ማንም ያልሰማው ትራክ በድምፁ ብቻ ጎረቤት ሊያገኝ ይችላል።

እህተ ሚክሰር፦ ሁለታችሁም ገንዘቡን ዘለላችሁት። «ዲስከቨሪ ሞድ» የሚባል ነገር አለ፤ ስፖቲፋይ በ2020 ነው ያስተዋወቀው። ሌብሉ (የሙዚቃው አሳታሚ ድርጅት) ቀድሞ ምንም አይከፍልም፤ በምትኩ በስፖቲፋይ «ሬዲዮ» (መድረኩ ራሱ በሚያዘጋጀው ተከታታይ ዘፈን) እና በአውቶፕሌይ (ዘፈኑ ሲያልቅ ራሱ በሚቀጥለው) ከሚገኘው ሮያሊቲ፣ ማለትም ለባለመብቱ ከሚከፈለው ገንዘብ፣ 30 በመቶው እንዲቀነስበት ይስማማል፤ ትራኩ ብዙ ጊዜ ይቀርብለታል። አድማጩ ዘፈኑ አጠገብ ምንም ምልክት አያይም። ስለዚህ አልበም ሲያልቅ ራሱ የሚቀጥለውን ዘፈን እንደ ምክር አትቁጠሩት። ሴቲንግ ገብታችሁ አውቶፕሌይን አጥፉ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው፣ አንድ ማድመጥ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። መግቢያዎች እያጠሩ፣ አዝማቹ ገና ከመነሻው እየመጣ ያለው ለምን ይመስላችኋል?

ክሬዲት አንባቢ፦ እኔ ክርክሩን ትቼ መንገዱን ላሳይ። የምትወዱትን አንድ አልበም ያዙና ዲስኮግስ ላይ ፈልጉት። ከ2000 ጀምሮ ተጠቃሚዎች የሚሞሉት የሙዚቃ ኅትመት መዝገብ ነው። ከዘፈኖቹ ዝርዝር በታች ክሬዲቱ አለ፤ ፕሮዲዩሰሩ፣ ባስ ተጫዋቹ፣ ድራመሩ፣ ስቱዲዮውና ሌብሉ ተጽፈው ታገኛላችሁ። የድራመሩን ወይም የባስ ተጫዋቹን ስም ንኩ፣ ከአልበሙ ሦስት ዓመት ወደፊትና ወደኋላ ያለውን ብቻ አስቀሩ፣ መሣሪያ የተጫወተባቸውን ስሙ። በዚያ ዘመን በአንድ አካባቢ የነበረው የሙዚቀኛ ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከአራት ከአምስት አልበም በኋላ ተመሳሳይ ስሞች መደጋገም ይጀምራሉ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ማስተሪንግ (የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ) የሠራውን ሰው ተከትላችሁ አትሂዱ፤ እነዚህ ሰዎች በመቶ የሚቆጠሩ የማይገናኙ አልበሞችን ይነካሉ፣ ስማቸው ስለ ጣዕም ምንም አይነግርም። ትልቅ ሌብልም እንደዚያው ነው። ትንሽ ሌብል ግን፣ 20 ወይም 60 ሥራ ብቻ ያለው፣ የአንድ ሰው ጆሮ ነው፤ ሌብሉ ለሥራዎቹ በሰጠው የካታሎግ ቁጥር ቅደም ተከተል ስሙት። ከስም ጎን በቅንፍ «2» ወይም «3» ካያችሁ ሌላ ሞክሼ ሰው ነው ማለት ነው፤ ሳትለዩ ብትነኩት የማይገናኝ ሰው ቤት ትገባላችሁ። ዓመቱንም ከስትሪሚንግ አትውሰዱ፤ በ1974 የተቀዳ አልበም በድጋሚ በታተመበት ዓመት ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ዲስኮግስ ላይ «ማስተር» የሚለው ገጽ የመጀመሪያውን ኅትመት ያሳያል።

አድማጭ ብቻ፦ ይህ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንጂ ማድመጥ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ቢሰማ ምን አጠፋ? ደግሞ በካሴት ብቻ የወጣ ሙዚቃ ክሬዲቱ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። መዝገቡ ራሱ ያዳላል፤ ብዙ ሰብሳቢ ያለው ሙዚቃ ነው በደንብ የተሞላው።

ክሬዲት አንባቢ፦ የካሴቱን ተቀብያለሁ። ለሰነፍ ቀን ሌላ መንገድ ልስጥህ። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከአልበሙ ጎን የገዙት ሰዎች ትንንሽ ፎቶ ይደረደራል። አንዱን ንካ፣ የገዛው ሁሉ ይታይሃል። የሺዎች አልበም ባለቤትን ዝለል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ምልክት አይሆንም። ከ100 እስከ 500 ያለውን ምረጥ፣ ከአንተ ጋር የሚጋራው ሌላ ሁለት አልበም ካለ የቀረውን ስማ። ማድመጥ ነፃ ስለሆነ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፤ ገንዘብ ያወጣበትን ግን አስቦበታል።

ቆጣሪው፦ ይሄኛው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን እናንተ አልጎሪዝሙን ስታሙ አብዛኛው ጥፋት የራሳችሁ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ የዝናብ ድምፅ ከፍቶ የሚተኛ ሰው፣ ትራኩ ሦስት ደቂቃ ከሆነ፣ በአንድ ሌሊት 160 ማድመጥ አስመዘገበ። በማግሥቱ ዝናብ ሲቀርብለት ይቆጣል! ለእንቅልፍና ለልጆች የሚከፈተውን በስፖቲፋይ «ፕራይቬት ሴሽን» (የግል ማድመጫ) ስሙ፣ ወይም ያንን ፕሌይሊስት ከጣዕም መገለጫችሁ አስወጡት፤ ሦስቱን ነጥብ ስትነኩ ምርጫው አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የዕይታ ታሪኩን ለጊዜው አቁሙት።

አዲስ ነገር ስትፈልጉ ባዶ ፕሌይሊስት ክፈቱ፣ ከ10 እስከ 15 ዘፈን አስገቡ፣ ከአንድ ድምፃዊ አንድ ብቻ። አምስት የአንድ ሰው ዘፈን ካስገባችሁ የሚመጣው የዚያው ሰው ስድስተኛ ነው። ከታች የሚቀርቡትን ስሙ፣ የተስማማችሁን ጨምሩ፣ አድሱት። ሦስት አራት ጊዜ ከታደሰ በኋላ ወደ ታዋቂዎቹ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያኔ ትታችሁ በሌሎች መነሻ ዘፈኖች ጀምሩ።

ባለሸክላ፦ «መንሸራተት ይጀምራል» ያልከውን ልብ አልኩ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ያልኩት ይህንኑ ነው።

እህተ ሚክሰር፦ ጋሼ ነጥብ አስቆጥረዋል። 😄 አሁን ደግሞ በሰው ያልተሠራው አለ። ዲዘር የተባለው የስትሪሚንግ መድረክ በ2025 ጥር በየቀኑ ከሚጫንለት ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተፈጠረ ነው አለ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 18 በመቶ ደረሰ። ድምፅን በድምፅ የሚያዛምድ አልጎሪዝም ለዚህ በሩ ክፍት ነው፤ በልኩ ተሰፍቶ ነው የሚመጣለት። ክሬዲት የሌለው፣ በጥቂት ሳምንት ሁለት ሦስት አልበም ያወጣ፣ መድረክ ላይ የታየበት አንድም ቪዲዮ የሌለው «ባንድ» ካገኛችሁ ተጠራጠሩ።

አድማጭ ብቻ፦ መኝታ ቤቷ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ብቻዋን የምትሠራ ልጅስ? እሷም ድራመር የላት፣ ስቱዲዮ የላት፣ መድረክ አልወጣች። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ትራክ የቀረጻ ሮያሊቲ አያገኝም። በክሬዲት ማጥለያችሁ ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ጣላችኋት።

ክሬዲት አንባቢ፦ ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ የእኔ መንገድ ይነጥፋል። ለእሷ ትራክሊስት ይሻላል። እንደ ኤንቲኤስ ያሉ የኢንተርኔት ሬዲዮዎች የዘፈን ዝርዝራቸውን ከፕሮግራሙ ሥር ያትማሉ። ስሟን እዚያ ፈልግ፤ ያጫወታት አዘጋጅ ካለ የዚያኑ ሰው ሌሎች ሦስት ፕሮግራሞች ክፈት። ሁለት አዘጋጆች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ካጫወቷት ደግሞ ይበልጥ እመናት።

ቆጣሪው፦ ማለትም ማን ከማን ጋር አብሮ እንደተጫወተ ቁጠር ነው የምትለው።

ክሬዲት አንባቢ፦ አዎ። ግን ከሚሊዮን ሰው ሳይሆን ከሁለት።