ስትራስበርግን ማሳረፍ ልክ ነበር?

ጠያቂው፦ እስቲ እናንተ የዋሽንግተን አካባቢ ደጋፊዎች ተከራከሩ። በፈረንጆቹ 2012 የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ዋና ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ስቲቨን ስትራስበርግን ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ሳይጀመር ቁጭ አደረገው። ልጁ ደህና ነበር። በዚያ ዓመት 15 ጨዋታ አሸንፎ 6 ነው የተሸነፈው። በ2010 ክርኑን ኦፕሬሽን ስለሆነ እጁ እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ልክ ናቸው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ምን ልክ ይሆናሉ! ይህ ከተማ ከ1933 ጀምሮ ፕሌይኦፍ አላየም። 98 ጨዋታ አሸንፈን፣ ከሁሉም አንደኛ ሆነን፣ ምርጡን ልጅ ወንበር ላይ? በፕሌይኦፉ አምስተኛና ወሳኝ ጨዋታ ላይ ካርዲናልስ የተባለውን ቡድን 6 ለ 0 እየመራን 9 ለ 7 ተሸነፍን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወንድሜ፣ ያን ቀን እኮ የተበላነው ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ ነው። 7 ለ 5 እየመራን፣ ለማሸነፍ አንዲት ስትራይክ (መቺው የሚስታት ኳስ) ቀርታን፣ አራት ነጥብ ገባብን። ስትራስበርግ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ነው፤ በዚያ ሰዓት ምን ሊያደርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አምስተኛው ድረስ ለምን ደረስን ታዲያ? ሁለተኛውን 12 ለ 4፣ ሦስተኛውን 8 ለ 0 ተጠበጠብን። አንዱን እሱ ቢጀምረው ኖሮስ? በመደበኛው ወቅት ፒቸር በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚወጣው፣ ጉድለቱ ብዙም አይታወቅም። በአምስት ጨዋታ በሚያልቅ ፉክክር ግን አንድ ሰው ማለት ብዙ ነው።

ታዛቢ፦ እኔን የሚያናድደኝ ማረፉ ሳይሆን መቼ እንዳረፈ ነው። ከ159 ኢኒንግ በኋላ እንደሚያቆሙት ካወቁ ውድድሩ ሚያዝያ ላይ ሲጀመር እሱን ዘግይተው ያስጀምሩት ነበር፣ ወይም በየመሃሉ አንድ አንድ ጨዋታ ያስዘልሉት። ለጥቅምቱ ፕሌይኦፍ ይተርፍ ነበር እኮ! ደመወዙን በወሩ መጀመሪያ ጨርሶ ለበዓል እንደሚበደር ሰው ሆኑ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ 2019ን ረሳችሁት? በዚያ ፕሌይኦፍ ስትራስበርግ አምስት ጨዋታ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈ። ሌላው ፒቸራችን ሸርዘር አንገቱ ተይዞ የፍጻሜውን አምስተኛ ጨዋታ ሳይጀምር ቀረና 7 ለ 1 ተሸነፍን፣ ወደ ተጋጣሚያችን ከተማ ሂዩስተን ሄደን፣ ዋንጫውን ለማጣት አንዲት ሽንፈት ብቻ ስትቀረን ስትራስበርግ ስድስተኛውን ከስምንት ኢኒንግ በላይ ወርውሮ አተረፈን። የፍጻሜው ኮከብም እሱ ተባለ። ያ ዋንጫ የ2012 ውጤት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ከዚያስ? የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመና ስምንት ጨዋታ ጀምሮ ቀረ። የታል የዳነው እጅ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ የመጨረሻ ያስቆመው ክርኑ አይደለም። አንገትና ትከሻ መሃል ያለ ነርቭ ነው።

ታዛቢ፦ የ2019ኙ ቡድን እኮ በአንድ ሰው የቆመ አልነበረም። ሰባተኛውን ሸርዘር ጀመረ፣ ሌላው ፒቸር ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ ያዘለት። 2012 ላይ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረንም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አልነበረንም? ፒቸራችን ጂዮ ጎንዛሌዝ በዚያው ዓመት 21 ጨዋታ አሸንፎልን!