ሐሰተኛ ሰነድ መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ የጠበቃው ግዴታ

ጠያቂ፦
በአንድ የገንዘብ ክርክር የተከሳሽ ጠበቃ ከደንበኛው የተቀበለውን የክፍያ ደረሰኝ ከመከላከያ መልሱ ጋር አያይዞ አስገብቷል። ምስክሮች ሊሰሙ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ደንበኛው «ደረሰኙን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ» ይለዋል። ጠበቃው ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ ፍርድ ቤትን ማሳሳትም አይፈቀድለትም። ውክልናውን ቢያነሳ ከኃላፊነት ይድናል?

መልስ 1፦
ውክልና ማንሳት የመጨረሻው እርምጃ ነው። አስቀድሞ ደንበኛውን ሌላ ሰው በሌለበት አነጋግሮ ሰነዱ እንዲወጣ ማሳመን ይገባዋል። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን፣ እሱም በደረሰኙ ላይ ምስክር እንደማይጠይቅና በማጠቃለያ ክርክሩ እንደማይጠቅሰው በግልጽ ይንገረው። ደንበኛ የሚለሳለሰው ያለ ደረሰኙ ምን መከራከሪያ እንደሚቀረው ሲያይ ነው። የባንክ ማስተላለፊያ አለ? ይርጋስ (የመክሰሻው ጊዜ አልፎ ይሆን)? ወለዱ በትክክል ተሰልቷል?

ከተስማማ ሰነዱ እንዲወጣ በጽሑፍ ያመልክታል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመከላከያ መልሱ ራሱ ነው፤ ደረሰኙ ወጥቶ «ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እዚያው ይቀራል። እሱም መሻሻል አለበት።

መልስ 2፦
እምቢ ካለ አገሮች ይለያያሉ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ደንብ ቁጥር 3.3፣ ሌላ መፍትሔ ከጠፋ፣ ምስጢር ቢሆንም ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ እንዲገልጥ ያስገድዳል። በእንግሊዝ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይገልጥም፤ ጉዳዩን ግን ይተዋል። ሲሰናበትም ለችሎቱ «በሙያዊ ምክንያት» ብሎ ያቆማል እንጂ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

እኔ የአሜሪካውን እደግፋለሁ። ጠበቃው ዝም ብሎ ሲወጣ ሰነዱ መዝገቡ ውስጥ ይቀራል፤ ተተኪው ሳያውቅ ይከራከርበታል፤ ከሳሹም በሐሰት ይሸነፋል።

መልስ 3፦
ማወቅና መጠርጠር አይምታቱ። ግዴታው የሚነሣው በማወቅ ነው። ጥርጣሬ ብቻ ካለ ዋናውን ደረሰኝ አስመጥቶ ተከታታይ ቁጥሩንና ቀኑን ማመሳከር ይገባል፤ እንዳያውቅ ብሎ አለመጠየቅ አያድነውም።

በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ጥፋቱን ለጠበቃው ያመነ ተከሳሽ ምስጢሩ ይጠበቅለታል፤ ጠበቃውም የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ድክመት ማሳየት ይችላል። «በዕለቱ ሌላ ቦታ ነበር» የሚል ምስክር ማቅረብ ግን አይችልም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ምስክሩ በደረሰኙ ላይ ቃሉን ሰጥቶ ቢሆንስ?

መልስ 1፦
ያን ጊዜ ሰነዱን ማስወጣት ብቻ አይበቃም። በደረሰኙ ላይ የተሰጠው ቃልም እንዲታረም ወይም ዋጋ እንዳይሰጠው ፍርድ ሳይሰጥ ማመልከት ያስፈልጋል።