የግቢ መኪና መግቢያ፦ ሊሾ ወይስ ኮብልስቶን?

የቦኩው፦
ሰላም ወገን። አዳማ ቦኩ አካባቢ ነኝ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መኪና መግቢያ ባዶ አፈር ነው፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ባለቤቴ ኮብልስቶን ትላለች፣ ግንበኛው ሊሾ ይበቃል ይላል። ማንን ልስማ? ፈቃድስ ያስፈልጋል እንዴ?

ፌሮ ቆራጭ፦
ባለቤትህን ስማ። ሊሾ ስስ ነው፣ ጎማ በዞረበት ይፈነገላል። ሙሉ ኮንክሪት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ውስጡ ፌሮ፣ በየ3 ሜትሩ ገደማ ኮንክሪቱን የሚከፋፍል መስመር፣ ካለዚያ ራሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል። ከተሞላ በኋላ ሳምንት ሙሉ ውሃ ይጠጣ። በአዳማ ሙቀትና ንፋስ ይህን የሚዘል ግንበኛ በሩንም አትክፈትለት።

እናት ጓዳ፦
እኔ ኮብል ነው ያስነጠፍኩት። ነገሩ ያለው ከሥሩ ነው። ገረጋንቲው (ከሥር የሚሞላው ጠጠራማ አፈር) በደንብ ካልተጠቀጠቀ ጎማ የሚሄድበት ሁለት መስመር ይሰምጥና ዝናብ ይተኛበታል። ጠርዙም ካልታሰረ ድንጋዩ ወደ ጎን ይሸሻል። ጥሩነቱ የውሃ ቱቦ ቢፈነዳ አንስተህ መልሰህ ትደረድራለህ።

ሰርቬየሩ፦
ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አላነሳም! ከቤቱ እየራቀ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ ጎረቤት ግቢ ግን እንዳይገባ። ፈቃዱን ደግሞ ሥራ ሳትጀምር የከተማውን ግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቅ። በተለይ ከበሩ ውጭ ያለው ቦይ ያንተ አይደለም፣ እንዳትደፍነው።

የቦኩው፦
እሺ፣ ኮብል ሆነ። የእጅ ዋጋ ብቻ በካሬ ስንት ገባ አሁን?