ድሬዳዋ ላይ ለምንሠራው «ሽመላ» 150 ሜትር ሜዳ ይበቃል?

ጠያቂ፣ ከከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ የብየዳ ቤት አለኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባለ ሁለት ወንበር ቀላል አውሮፕላን መሥራት ከጀመርን ስምንት ወር ሆነን። ሞዴላችን ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጠቀሙበት ፊዝለር 156 ነው። «ሽቶርክ» ይሉታል፣ ሽመላ ማለት ነው፤ ሲበር ረጃጅም እግሮቹ ተንጠልጥለው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒን ከግራን ሳሶ ተራራ ይዞ የተነሳው እሱ ነው። እኛ ወደ ሦስት አራተኛ አሳንሰነዋል፤ ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

የቸገረን ይኸው። በክንፉ ፊት ለፊት ዳር ለዳር የሚሄደው ስላት (ከክንፉ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚተከል ቀጭን ቁራጭ) አሠራሩ አስቸጋሪ ነው፣ ብንተወውስ? ለአካሉ ገበያ የሚሸጠውን የውሃ ቧንቧ ብንበይድስ? ሜዳችን ደግሞ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ነው፣ 150 ሜትር ይሆናል። ዋናው 60 ሜትር አካባቢ ተንደርድሮ ይነሳ ስለነበር ይበቃናል ብለናል። ልክ ነን?

መልስ 1፦
ስላቱን ተዉትና ጠንከር ያለ ሞተር ግጠሙ። ጉልበት ካለ ሁሉም ይነሳል።

መልስ 2፣ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ፦
የለም፣ ይሄ ምክር ሰው ይገድላል። ልጄ፣ ስላቱን ካነሳህ የቀረህ ሽመላ አይደለም። ተራ ክንፍ አፍንጫው ወደ 15 ዲግሪ ሲቀና አየሩ ከጀርባው ይላቀቅና ይወድቃል። ስላቱና ክንፉ መካከል ያለው ክፍተት ከታች ያለውን አየር አፍጥኖ በክንፉ ጀርባ ላይ ስለሚለቀው እስከ 25 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይታገሣል። ዋናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረረ አየር ላይ የሚቆየው በዚህና በፍላፑ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች በሚታጠፈው ክፍል) ነው። እግሩ የረዘመውም ለዚሁ ነው፤ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ እንዲያርፍ። ስላቱ የሚታጠፍ እንዳይመስልህ፣ እንዳለ የተተከለ ነው፤ ማንቀሳቀሻ አያስፈልገውም። ድካሙ ክፍተቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ማድረግ ላይ ነው። በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ሥራለትና ስላቱን ከክንፉ የሚያያይዘውን እያንዳንዱን ማቀፊያ በሱ ለካ።

የውሃ ቧንቧውን እርሳው። ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ ጭሱ ይመርዛል፣ ብየዳውም ይሰነጠቃል። ጥንካሬው ለአውሮፕላን ከሚሠራው ክሮም ሞሊብዲነም ከሚባል ብረት ቱቦ ግማሽ ያህል ነው። ያንን ለማካካስ ስታወፍረው ክብደቱ ይበላሃል። ትክክለኛው ቱቦ እስኪገኝ ክንፉን በእንጨት ጀምሩ፤ የዋናውም ክንፍ እንጨትና ሸራ ነበር። አይዟችሁ። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አገራችን ተሠርታ በርራለች።

መልስ 3፣ የምህንድስና ተማሪ፦
ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሜዳው ነው። የጀርመኖቹ ቁጥር የቀዝቃዛና የዝቅተኛ ቦታ ነው፤ የኛ አየር ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ናት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር 81 በመቶ ብቻ ይሆናል። አውሮፕላኑ 2,100 ሜትር ተራራ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። ሞተሩ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ከሌለው 100 ያልከው ፈረስ ወደ 80 ይወርዳል፣ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ይሳሳበታል፤ ለመነሳት የሚፈልገው የመሬት ላይ ፍጥነት ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ሦስቱ ሲደመሩ 60 ሜትሩ 90 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህም መሬቱን እስኪለቅ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ግራር ካለ እሱን ማለፊያ ርቀት ገና አልቆጠርንም። 150 ሜትር ለመጀመሪያ ሙከራ አይበቃም፤ ቢያንስ 400 ፈልጉ።

ሌላም አለ። ወደ ሦስት አራተኛ ስታሳንሰው የክንፉ ስፋት ወደ 56 በመቶ ነው የሚወርደው፤ ከ26 ካሬ ሜትር 14.6 ይቀርሃል። ከነሰዎቹና ከነቤንዚኑ ስንት ኪሎ ይሆናል?

መልስ 4፣ ከሐረር፦
«ሐረር ብርድ ነው፣ እዚያ እንሞክር» ብላችሁ እንዳትመጡ አደራ። እኛ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ 25 ዲግሪ እያለ እንኳ አየራችን ወደ 77 በመቶ ነው። ከድሬ ቀትር ይብሳል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም። ለቱቦው ያጠራቀምነው ብር አለ፣ እንጠብቃለን። ክብደቱ በሒሳባችን 560 ኪሎ ነው። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ሲደርቅ ሰፊ ነው፣ እሱ ላይ መንደርደርስ?

መልስ 2፦
ደቻቱን ተወው። አሸዋው ጎማ ይይዛል፣ ሰውና ከብት ያቋርጠዋል። ጎርፉም ደጋው ላይ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው የሚደርሰው፤ የ1998ቱን አንረሳውም። አሸዋውን ግን በጆንያ ጫኑትና ክንፉን ገልብጣችሁ ደልድሉበት፤ አንድ ክንፍ ሊሸከም የሚገባውን ሳይሰበር ካልቻለ ያኔውኑ ይታወቃል። ለ560 ኪሎ፣ በአራት እጥፍ አስላ፤ ለሁለቱ ክንፍ 2,240 ኪሎ ማለት ነው።

መልስ 3፦
560 ለ14.6 ሲካፈል እያንዳንዱ የክንፍ ካሬ ሜትር የሚሸከመው 38 ኪሎ ነው፤ ከዋናው ይቀላል፣ ጥሩ ነው። ሙከራውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አድርጉት። በ20 ዲግሪ አየሩ 86 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ የአየር ኃይል ምድብም አለ፤ ያለ ፈቃድ አንድ ሜትር እንዳትነሱ። አብራሪውም የአብራሪነት ፈቃድ በእጁ ያለ ይሁን።

ጠያቂ፦
እሺ። ቅዳሜ ጆንያ እንገዛለን። ሙሉ ክንፍ ከመጀመራችን በፊት የአንድ ሜትር ቁራጭ ከነስላቱ ሠርተን ክፍተቱን እንለካለን። ጋሼ፣ ክፍተቱ ስንት ይሁን?

መልስ 2፦
በግምት አልነግርህም። የያዛችሁት ሥዕል ላይ ያለውን በ0.75 አባዛው፣ ከዚያ ቁራጩን ይዘህ ና፤ አብረን እናየዋለን።