የአርክቴክቸር ክፍል ከዜሮ ሲቋቋም ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ትልቅ ድርጅት የኢንፎርሜሽን ሲስተም አርክቴክቸር ክፍል (ሲስተሞቹ እንዴት እንደሚዋቀሩና እንደሚገናኙ የሚወስን) ሊቋቋም ነው። ሲስተሞቹ በየመምሪያው የተበታተኑ ናቸው፤ የአንድ ደንበኛ መረጃ ሦስት ቦታ ይመዘገባል። ቶጋፍን (TOGAF፣ የድርጅት አርክቴክቸር ማዘጋጃ ማዕቀፍ) እንዳለ እንተግብር ወይስ መጀመሪያ የሞዴሊንግ ሶፍትዌር (ሲስተሞችንና ግንኙነታቸውን በሥዕል ማሳያ) እንግዛ?

መልስ 1
ሁለቱም ይቆዩ። ቶጋፍ እንደ ድርጅቱ ልክ እየተቀነሰ እንዲሠራበት የተዘጋጀ ነው። ምዕራፎቹን ሁሉ በሰነድ ልሙላ ብሎ የተነሣ ክፍል መጨረሻ ላይ የሚያቅፈው ማንም ያላነበበው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ የአፕሊኬሽን መዝገብ አዘጋጁ፤ ተራ ኤክሴል ይበቃል። ለየሲስተሙ አንድ ረድፍ፦ ስም፣ የሥራው ባለቤት (የአይቲ ሰው ሳይሆን ሥራው የሚመለከተው ኃላፊ)፣ የዳታቤዙ ዓይነትና ቨርዥን፣ የአቅራቢው ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን፣ ዳታ የሚለዋወጣቸው ሲስተሞች። የባለቤት ዓምዱ ባዶ የሆነበት ረድፍ ላይ ነው ጉዱ ያለው። በአይቲ ዝርዝር ብቻ አትመኩ፤ ፋይናንስ ከሚከፍላቸው የላይሰንስ ደረሰኞችና ከፋየርዎል (የኔትወርክ መግቢያና መውጫ መቆጣጠሪያ) ሕጎች ጋር አመሳክሩት። መምሪያዎች ሳያሳውቁ የገዙት የሚገኘው እዚያ ነው።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ሥልጣን የሌለው መዝገብ ጌጥ ነው። የአርክቴክቸር ግምገማው በጀት ከመጽደቁ በፊት ይግባ። ውል ከተፈረመ ወዲያ የምትሉት ነገር አስተያየት እንጂ ውሳኔ አይሆንም።

ሁሉም ነገር ግን ወደ እናንተ አይምጣ። አዲስ ግዢ፣ በሲስተሞች መካከል አዲስ ግንኙነት፣ የግል መረጃ ወደ ውጭ መውጣት፤ ሦስቱ ይበቃሉ። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁ ሰዉ መዞሪያ መንገድ ያበጃል። ከስታንዳርዱ ውጭ የምትፈቅዱት ሁሉ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ካልሆነ ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል። ውሳኔውን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ መነሻው፣ የተመረጠው፣ የተጣለው አማራጭና ምክንያቱ፣ የሚያስከትለው። ሲሻር አይጠፋም፤ «ተሽሯል» ተብሎ የአዲሱ ውሳኔ ቁጥር ይጻፍበታል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። የደንበኛው መረጃስ?

መልስ 3
ዳታቤዞቹን ባንድ ጊዜ ለማዋሐድ አትሞክሩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያው ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳለው ሲስተም የሠራውን ድርጅት የግንኙነት መዋቅር ይመስላል፤ ሦስት ቦታ የተመዘገበው መምሪያዎቹ ስለማይነጋገሩ ሊሆን ይችላል። ለየመረጃው መስክ አንድ ዋና ምንጭ የሚሆን ሲስተም ወስኑ፦ ስልክና አድራሻ በአንዱ፣ የሂሳብ ሁኔታ በሌላው። የቀሩት ቅጂውን ያነባሉ እንጂ አያርሙም። ከዚያ በፊት ግን ለየደንበኛው መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ በስም ብቻ ካዛመዳችሁ ሞክሼዎች ይቀላቀላሉ። የተቀላቀለውን መልሶ መለየት ደግሞ ከማዋሐዱ ይከብዳል።